ሞተሩ በተለወጠ መኪና ላይ የትሮትል ፖዚሽን ሴንሰርን ብልሽት ስለ መመርመር፤ በአቃቂ ቃሊቲ የተደረገ ጥናት

መግቢያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ጋራዥ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። ከጅቡቲና ከአዳማ ወደ ከተማዪቱ ከሚገባው ጭነት ብዙው በዚህ በኩል ያልፋል፤ የቃሊቲ ጉምሩክም ሆነ ብዙዎቹ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች በዚሁ አካባቢ ይገኛሉ። ስለዚህ በሥራ ብዛት የደከመው መኪና ሐኪሙን የሚፈልገው ሩቅ ሄዶ ሳይሆን ከዚሁ ከመንገዱ ዳር ነው።

እኛ ሦስት ተማሪዎች ባለፈው ክረምት ለስድስት ሳምንት ያህል ከቃሊቲ መናኸሪያ ብዙ ወደማይርቅ አንድ ጋራዥ እየተመላለስን የሠራተኞቹን አሠራር ስንመለከት ቆይተናል። በመጀመሪያ ያሰብነው የጋራዥን ሥራ በጠቅላላው ለመግለጽ ነበር። ዳሩ ግን በሁለተኛው ሳምንት አንድ መኪና መጣ፤ ይህም መኪና ከእኛ ጊዜ ብዙውን ወሰደ፤ የተማርነውም ከእርሱ ስለ ሆነ ጽሑፋችን በእርሱ ላይ እንዲያተኩር ፈቀድን።

የጥናታችንን ፍሬ ነገር አስቀድሞ መናገሩ ለአንባቢ ይጠቅማል። አንድ መኪና ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሲበላሽ መካኒኩ የሚመራበት መጽሐፍ አለው። ሞተሩ የተለወጠ መኪና ግን ሁለት መጽሐፍ አለው፤ አንዱ የሞተሩ፣ ሌላው የገላው። ሁለቱ የተገናኙበትን ቦታ የሚገልጽ መጽሐፍ ግን የለም። ብልሽቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሸገው መጽሐፍ በሌለበት በዚያ ቦታ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

1. ስለ መኪናውና ስለ ሞተር መለወጥ

በአገራችን ሞተር መለወጥ እንግዳ ነገር አይደለም። መኪና ለብዙ ቤተ ሰብ እንደ ቤት ያለ ሀብት ነው፤ ሞተሩ ቢደክምም ገላው ደኅና እስከ ሆነ ድረስ አይጣልም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ይህን ልማድ የሚያጠናክሩ ነገሮች ተጨምረዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚህ የተነሣ በእጁ የቤንዚን መኪና ያለው ሰው ያንኑ እየጠገነ መኖሩን ይመርጣል። ያገለገለ ሞተር ፈልጎ ይገዛል፤ በሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር የሚጻፍ ስለ ሆነም ለውጡን ያስመዘግባል፤ ከዚያም ቦሎውን አውጥቶ ሥራውን ይቀጥላል።

የተመለከትነው መኪና በተለምዶ ኢ90 ከሚባሉት የቶዮታ ኮሮላ ዓይነቶች አንዱ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ሞተር 2ኢ የተባለው፣ 1,295 ሲሲ መጠን ያለው፣ ቤንዚኑን በካርቡራተር የሚቀበል ነበር። እርሱ ካረጀ በኋላ ባለቤቱ 5ኤ-ኤፍኢ የተባለውን 1,498 ሲሲ ሞተር አስገባ። ይህ ሞተር ካርቡራተር የለውም፤ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩም ሴንሰር ከሚባሉ ትናንሽ መሣሪያዎች በሚደርሰው ወሬ ይመራል።

የመኪናው ባለቤት ጧትና ማታ ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ ተማሪዎችን በወር ክፍያ የሚያመላልስ ሰው ነው። ሞተሩ ከተለወጠ ከአራት ወር በኋላ መኪናው ይሰናከል ጀመር። ነዳጅ ሲረገጥ ወዲያው አይነሣም፤ ይደናቀፍና በድንገት ይወረወራል። ሚኒሞው፣ ማለትም ሞተሩ ያለ ጭነት የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ከሁሉ የከፋው ግን አንዳንድ ቀን ጧት፣ በተለይም ሌሊት ዝናብ ሲጥል ባደረበት ቀን፣ አደባባይ ላይ ሲደርስ መጥፋቱ ነበር። በዚያ አደባባይ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ያለማቋረጥ ያልፋሉ። ሁለት ወላጆች ልጆቻቸውን ከመኪናው አስወጥተው ለሌላ ሰው ሰጡ፤ ሦስተኛው እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሡ። ባለቤቱ ወደ ጋራዡ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

2. ስለ ጋራዡ ቋንቋና ስለ ሥራው ክፍፍል

በጋራዡ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ራሱ አንድ ነገር ያስተምራል። እጅ የሚነካው የሞተር ዕቃና መሣሪያ ብዙው በጣልያንኛ ስም ይጠራል፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ የሚሉት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመጡትና ውስጣቸው በዐይን የማይታየው ደግሞ በእንግሊዝኛ ይጠራሉ፤ ሴንሰር፣ ኮምፒውተር፣ ኮድ እንደሚባለው።

ሥራውም እንዲሁ ተከፍሏል። ሞተሩን የሚያወርድና የሚሰቅል መካኒኩ ነው፤ ሽቦውን የሚያገናኝ ኤሌክትሪሺያኑ ነው። መካኒኩ ሞተሩን አሥሮ ሲጨርስ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ ሞተሩ ከተነሣ ሥራው እንዳለቀ ይቆጥረዋል። ከወራት በኋላ መኪናው ሲሰናከል መካኒኩ «የሽቦ ነው» ይላል፤ ኤሌክትሪሺያኑ «የሞተር ነው» ይላል። ባለቤቱም በመካከላቸው ቆሞ ዕቃ ይገዛል።

3. ሴንሰሩ ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ

አየር ወደ ሞተሩ በሚገባበት ቧንቧ ውስጥ ትሮትል የሚባል ክብ ክዳን አለ። ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ክዳኑ ይከፈታል፤ እግሩን ሲያነሣ ይዘጋል። በክዳኑ ዘንግ ጫፍ ላይ የታሠረችው ትንሽ መሣሪያ የትሮትል ፖዚሽን ሴንሰር ትባላለች። ሥራዋም ክዳኑ ምን ያህል እንደ ተከፈተ ለኮምፒውተሩ መንገር ነው።

አሠራሯ የሬዲዮን ድምፅ እንደሚጨምረውና እንደሚቀንሰው ቁልፍ ነው። በውስጧ ኤሌክትሪክን የሚቃወም አንድ ጠፍጣፋ መንገድ አለ። ኮምፒውተሩ በመንገዱ አንድ ጫፍ ቪሲ በተባለው ሽቦ 5 ቮልት ይሰጣል፤ ሌላው ጫፍ ኢ2 በተባለው ሽቦ ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ዜሮ ይሆናል። ከክዳኑ ጋር የሚዞር ጣት በመንገዱ ላይ እየተንሸራተተ የደረሰበትን ቮልት ቪቲኤ በተባለው ሽቦ ይልካል። ክዳኑ ሲዘጋ ግማሽ ቮልት ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ወደ 4 ቮልት ይደርሳል። አይዲኤል የተባለው አራተኛው ሽቦ ደግሞ ክዳኑ ተዘግቶ እንደ ሆነ ብቻ የሚናገር እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ያለ ነው።

በዚህ ሞተር ላይ የቤንዚኑ መሠረታዊ መጠን የሚወሰነው በሌላ ሴንሰር፣ ይኸውም በአየር ማስገቢያው ውስጥ ያለውን ግፊት በሚለካው ነው። የትሮትሉ ሴንሰር የሚያስፈልገው በለውጥ ጊዜ ነው፤ ሾፌሩ በድንገት ሲረግጥ ቤንዚን እንዲጨመር፣ እግሩን አንሥቶ ቁልቁለት ሲወርድ ቤንዚን እንዲቋረጥ፣ ሲቆም ሚኒሞ እንዲጠበቅ። ሴንሰሩ ሲዋሽ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ደኅና ሄዶ በአደባባይ ላይ የሚደናቀፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አካባቢው ከፍታ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት 78 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠለል ግን 101 ነው። ሞተሩ ከተሠራበት አገር ይልቅ እዚህ ከአምስት እጅ አንድ እጅ የሚበልጥ አየር ያጣል፤ ኀይሉም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ «አዲሱ ሞተር ዳገት አይወጣም» የሚል አቤቱታ ሁሉ የሴንሰር ብልሽት አይደለም። እንዲሁም በመጽሐፉ የተጻፈው የግፊት ልክ እዚህ አይገኝም። የትሮትሉ ሴንሰር ቮልት ግን ከፍታን አያውቅም፤ በምጽዋም በቃሊቲም ያው ነው። በዚህ ሴንሰር ላይ የመጽሐፉን ቁጥር ያለ ማስተካከያ መጠቀም የሚቻለውም ስለዚህ ነው።

4. ኮምፒውተሩ ብልሽቱን እንዴት እንደሚናገር

በዚያ ዘመን የተሠሩ የቶዮታ ሞተሮች ብልሽታቸውን በመብራት ይናገራሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲከፈት፣ በመመርመሪያው ሣጥን ውስጥ ያሉት ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ ሲገናኙ፣ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። አራት ጊዜ በርቶ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ አንድ ጊዜ ሲበራ 41 ቁጥር ነው፤ ትርጉሙም የትሮትል ፖዚሽን ሴንሰር ወሬ ተበላሽቷል ማለት ነው። 51 ሲሆን ግን በምርመራው ጊዜ ክዳኑ እንደ ተዘጋ አልታየኝም፣ ወይም ኤሲ በርቷል፣ ወይም ማርሹ ከኒውትራል ውጭ ነው ማለት ነው። ምንም ብልሽት ከሌለ መብራቱ ሳይቆራረጥ በእኩል ልክ ይጠቅሳል።

የካርቡራተር መኪና ዳሽቦርድ ይህ መብራት ላይኖረው ይችላል። ሞተሩ የተለወጠ መኪና የመጀመሪያው ችግር ይህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ይናገራል፣ የሚናገርበት አፍ ግን የለውም። በእኛ መኪና ላይ ኤሌክትሪሺያኑ ትንሽ አምፖል ጨምሮ ስለ ነበረ ኮዱን ለማንበብ ቻልን። የተነበበውም 41 ብቻ ነበር።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ኮዱ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» አለማለቱን ነው። ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን አያየውም። የሚያየው በሽቦ የመጣለትን ቮልት ብቻ ነው። ወሬው ሊበላሽ የሚችለው በተናጋሪው፣ በመንገዱ፣ ወይም በሰሚው ዘንድ ነው። አንዳንዶቹ ኮምፒውተሮች ሁለቱን ምስክሮች ያስተያያሉ፤ አይዲኤል «ክዳኑ ተዘግቷል» እያለ ቪቲኤ «ተከፍቷል» የሚል ቮልት ቢያመጣ፣ ከሁለቱ አንዱ ሐሰተኛ ነው ብለው 41 ይጽፋሉ።

5. እኛ የሠራነው ስሕተት

እኛም እንደ ሌላው ሰው ኮዱን ባነበብን ጊዜ ሴንሰሩን ጠረጠርን። ቢሆንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን አስተማሪዎቻችን ሳትለኩ አትፍረዱ ብለው ስላስተማሩን፣ መለካታችን አልቀረም። ሶኬቱን ከሴንሰሩ ነቅለን በቴስተር ብንለካ ቪሲ ከኢ2 ጋር ልክ 5.0 ቮልት ሆነ። ከዚህም ተነሥተን «ሽቦው ደኅና ነው፤ እንግዲያውስ የተበላሸው ሴንሰሩ ነው» ብለን ደመደምን። ባለቤቱም በእኛ ቃል ተማምኖ ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄደ፤ ከሳምንት ገቢው በሚበልጥ ገንዘብ ያገለገለ ሴንሰር ገዝቶ መጣ። ሴንሰሩ ታሠረ፤ መኪናው ለሦስት ቀን ደኅና ሆነ። በአራተኛው ቀን ዝናብ ዘንቦ ባደረበት ጧት ልጆች እንደ ጫነ አደባባዩ ላይ ጠፋበት።

ባለቤቱ ሲመለስ አልተቆጣንም። ዝም ብሎ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ይህ ዝምታ ከቁጣ ይልቅ ከበደን።

በጋራዡ ካሉት መካኒኮች በዕድሜ የገፉት ሰው ነገሩን ከዳር ሆነው ሲመለከቱ ነበር። ጠርተውን፣

«ልጆቼ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ ነው አይደል የለካችሁት?» አሉን።

«አዎን ጋሼ፣ ነቅለን ነው» አልናቸው።

«ተኝቶ የሚያነክስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አስነሡና አስኪዱት፤ ያን ጊዜ እግሩን ታያላችሁ።»

የንግግራቸው ትርጉም የገባን ማታ በወረቀት ላይ ካሰላነው በኋላ ነው። የሴንሰሩ መንገድ ተቃውሞ 4,000 ኦም ያህል ነው እንበል። 5 ቮልት ለ4,000 ኦም ሲካፈል 1.25 ሚሊ አምፔር ይፈስሳል። አሁን በኢ2 ሽቦ ላይ አንድ የዛገ መገጣጠሚያ አለ፤ ተቃውሞውም 1,000 ኦም ነው እንበል። ጠቅላላው ተቃውሞ 5,000 ይሆናል፤ የሚፈስሰውም 1 ሚሊ አምፔር ነው፤ ስለዚህ በመገጣጠሚያው ላይ ብቻ 1 ቮልት ይቀራል። ለሴንሰሩ የሚደርሰው 4 ቮልት ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ጣቱ ከመንገዱ አሥረኛው እጅ ላይ ቢቆም 0.4 ቮልት ያነሣል፤ በመገጣጠሚያው የቀረው 1 ቮልት ሲጨመርበት ኮምፒውተሩ 1.4 ቮልት ያያል። መሆን የነበረበት ግን 0.5 ነው። ክዳኑ ሳይከፈት ኮምፒውተሩ ተከፍቷል ብሎ ያምናል። በእርግጥ በኢ2 የሚመለሰው የአይዲኤል ፍሰትም አለ፤ ለአቈጣጠር እንዲቀልል ትተነዋል።

ሶኬቱ ሲነቀልስ? በሽቦው የሚያልፈው የቴስተሩ ፍሰት ብቻ ነው፤ እርሱም የኢምንት ያህል ነው። ፍሰት ከሌለ በዛገው መገጣጠሚያ ላይ የሚቀር ቮልት የለም፤ ቴስተሩም በኩራት 5.0 ይላል። የለካነው ሽቦ ተኝቶ ነበር።

6. ትክክለኛው የምርመራ ቅደም ተከተል

ከዚህ ስሕተት በኋላ ከመካኒኩና ከኤሌክትሪሺያኑ ጋር ሆነን ቅደም ተከተሉን እንደገና አዘጋጀን። ሞተሩ ለተለወጠ መኪና የሚስማማው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ የቤንዚኑን ግፊት ማረጋገጥ። የካርቡራተር መኪና የቤንዚን ፓምፕ የሚሰጠው ግፊት እጅግ ትንሽ ነው፤ በኮምፒውተር የሚታዘዘው ሞተር ግን ወደ 3 ባር የሚጠጋ ግፊት ይፈልጋል። ደካማ ፓምፕ ከተገጠመ መኪናው ሲረገጥ የሚያሳየው መደናቀፍ ከሴንሰር ብልሽት ጋር ይመሳሰላል። የእኛው ደኅና ነበር።

2ኛ፤ የነዳጅ ፔዳሉን ገመድ ማየት። የአሮጌው መኪና ገመድ ለአዲሱ ሞተር ተብሎ ስላልተሠራ ቢያጥር ክዳኑን በጥቂቱ ከፍቶ ይይዘዋል። ያን ጊዜ አይዲኤል ከቶ አይዘጋም፤ ሚኒሞው ከፍ ይላል፤ በምርመራ 51 ይታያል። መድኃኒቱ ገመዱን ማላላት ነው እንጂ ሴንሰር መግዛት አይደለም። ገመዱ ተፈትቶ ክዳኑ በነጻ መዘጋቱን በጣት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

3ኛ፤ ሴንሰሩና ኮምፒውተሩ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ማመሳከር። በቶዮታ ሞተሮች ላይ ሁለት ዓይነት የትሮትል ሴንሰር ተገጥሟል። አንደኛው ከላይ የገለጽነው በቮልት የሚናገር ነው። ሁለተኛው ግን «ተዘግቷል» እና «በጣም ተከፍቷል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የማያውቅ፣ ሁለት መነካኪያ ብቻ ያለው ነው። ሞተሩ ከአንድ ቦታ፣ ኮምፒውተሩ ከሌላ ቦታ ሲገዛ ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ፤ በዚያን ጊዜ ምንም ያህል አዲስ ሴንሰር ቢገዛ ኮምፒውተሩ አይሰማውም። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ቁጥርና በሶኬቱ ላይ ያሉትን እግሮች ማስተያየት ከገንዘብ ኪሳራ ያድናል።

4ኛ፤ ሶኬቱ እንደ ተሰካ መለካት። የቴስተሩን ቀጭን መርፌ ከሶኬቱ ጀርባ በሽቦው በኩል አስገብቶ፣ ቁልፉን ከፍቶ፣ ቪሲን ከኢ2፣ ቪቲኤን ከኢ2 ጋር መለካት ነው። ከዚያ ዋናው ልኬታ ይመጣል፤ ይኸውም ኢ2ን ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር መለካት ነው። ደኅና ሽቦ ከሆነ ከ0.1 ቮልት በታች ይገኛል። ከዚህ ከበለጠ ወሬው በመመለሻው መንገድ ላይ እየተበላሸ ነው። በዚህ ሥራ ላይ አምፖል ያለው መፈተሻ አይፈቀድም፤ የሚስበው ፍሰት ለኮምፒውተሩ ስለሚበዛ ያቃጥለዋል።

5ኛ፤ ክዳኑን በዝግታ መክፈትና መዝጋት። ቮልቱ ሳይዘል፣ ሳይወድቅ መውጣት አለበት። ለዚህ ሥራ ባለ ቀስት አሮጌው ቴስተር ከዲጂታሉ ይሻላል፤ ቁጥሩ ሲቀያየር ዐይን የሚያመልጠውን መዝለል ቀስቱ በመንቀጥቀጥ ያሳያል። ቀስቱ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ከዘለለ የሴንሰሩ መንገድ እዚያ ላይ ተበልቷል፤ ያን ጊዜ ሴንሰሩ በእርግጥ ጥፋተኛ ነው።

6ኛ፤ ሽቦውን ማወዛወዝ። አንድ ሰው ቀስቱን ሲመለከት ሌላው ሽቦውን ከሶኬቱ ጀምሮ እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ በየስንዝሩ ያንቀሳቅሳል። ቀስቱ የዘለለበት ስንዝር የብልሽቱ ስንዝር ነው።

ከዚህም ጋር አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይጠቅማል፤ የሚከሰው አንድ ሴንሰር ብቻ ነው ወይስ ብዙ? የሞተሩን ውሃ ሙቀት፣ የአየሩን ሙቀትና ግፊቱን የሚለኩት ሴንሰሮች ሁሉ በኢ2 ይመለሳሉ። ኢ2 በኮምፒውተሩ አፍ ላይ ቢበጠስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። 41 ብቻውን ከመጣ ግን ጉዳቱ ሽቦዎቹ ከተለያዩበት በኋላ፣ ወደ ትሮትሉ በሚሄደው ቅርንጫፍ ላይ ነው። በዚህ አሳብ ብቻ የምንፈልገው ቦታ ከሦስት ሜትር ወደ አንድ ሜትር አጠረ።

7. ያገኘነው ነገርና ውጤቱ

በእኛ መኪና ላይ አራተኛው ልኬታ ነገሩን ገለጠው። ሶኬቱ እንደ ተሰካ ኢ2 ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ሲለካ ከ0.7 እስከ 1.1 ቮልት ይዋዥቅ ነበር። በስድስተኛው ተራ ሽቦውን እያወዛወዝን ባትሪው አጠገብ ስንደርስ ቀስቱ ዘለለ፤ ቪቲኤም አንዳንዴ ወደ 5 ቮልት ይወጣ ነበር። በዚያ ቦታ ያለው ናስትሮ ሲፈታ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች በጣት ተጠምዝዘው ብቻ ተገኙ፤ መዳቡም አረንጓዴ ሆኖ እንደ ዱቄት ይረግፍ ነበር።

ይህ መገጣጠሚያ ስለ ምን እዚያ ተገኘ? ሞተሩ የመጣው መሪው በስተቀኝ ከሆነ መኪና ነው፤ የእኛ አገር መኪና ግን መሪው በስተግራ ነው። የኮምፒውተሩ መቀመጫ ስለ ተለየ ሽቦዎቹ መርዘም ነበረባቸው፤ ሲረዝሙም መገጣጠሚያው በአጋጣሚ ባትሪው ሥር ዋለ። የባትሪው አሲድ ጢስና የክረምቱ እርጥበት፣ በተለይም በአቃቂ ጥቁር አፈር ላይ የሚረጨው ጭቃ፣ በአራት ወር ውስጥ መዳቡን በላው። ዝናብ ያደረበት ቀን ብልሽቱ የሚበረታበት ምሥጢርም ይኸው ነበር። ሴንሰሩ ሲለወጥ ለሦስት ቀን ደኅና የሆነውም ሶኬቱን ስንነቅልና ስንሰካ ሽቦው ተነቃንቆ ለጊዜው ስለ ተገናኘ እንጂ ሴንሰሩ ስለ ተሻለ አልነበረም።

ኤሌክትሪሺያኑ የተበላውን ቈርጦ ጣለና ከባትሪው ራቅ ባለ ቦታ አዲስ ሽቦ በቆርቆሮ በየደ፤ በሙቀት በሚጨማደድ ላስቲክም ሸፈነው። ሞተሩን ከገላው ጋር የሚያገናኘውን የማሳ ገመድም ፈትተን ዝገቱን ጠረግን። እንደገና ስንለካ በኢ2 ላይ የቀረው 0.02 ቮልት ብቻ ነበር፤ ክዳኑ ሲዘጋ ቪቲኤ 0.5 ሆነ። የኢኤፍአይ ፊውዙን ለግማሽ ደቂቃ አውጥተን በመመለስ የቀድሞውን ኮድ አጠፋን።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ለጥናቱ ብቻ ሳይሆን ለኅሊናችንም ነበር። የተጣለውን የመጀመሪያውን ሴንሰር ፈልገን መልሰን አሠርነው። መኪናው በዚያው በአሮጌው ሴንሰር ጥናታችን እስካለቀበት ቀን ድረስ ከሦስት ሳምንት በላይ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠፋ ሄደ። ሴንሰሩ ከመጀመሪያውም ጥፋት አልነበረበትም። ከሶማሌ ተራ የተገዛውን ሁለተኛውን ሻጩ መልሶ አልተቀበለም፤ እስከ ዛሬ በመኪናው ኪስ ውስጥ አለ። ከሄዱት ሁለት ወላጆች አንደኛው ልጃቸውን መልሰው ሰጥተዋል፤ ሁለተኛው አልተመለሱም።

መደምደሚያ

ያጠናነው አንድ መኪና ስለ ሆነ ከእርሱ ተነሥተን ሁሉን መኪና አንፈርድም። ከእርሱ በኋላ የመጡት መኪኖች ክዳናቸው በኤሌክትሪክ የሚከፈት፣ ሴንሰራቸውም ሁለት ምስክር ያለው ነው፤ ኮዳቸውም ፒ0122 ወይም ፒ0123 እየተባለ በስካነር ይነበባል። ሆኖም የቮልት ሕግ ስለማይለወጥ፣ ሶኬቱ እንደ ተሰካ የመመለሻውን ሽቦ መለካት ለእነዚህም ያገለግላል።

በመጨረሻ ለጋራዦቹ ያቀረብነውን አሳብ እዚህም እንደግመዋለን። ሞተር የለወጠ ኤሌክትሪሺያን የትኛው ሽቦ ከየትኛው ጋር፣ በየትኛው ቦታ እንደ ተገናኘ፣ ኮምፒውተሩና ሴንሰሩም ምን ቁጥር እንዳላቸው በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ከሊብሬው ጋር ለባለቤቱ ይስጠው። ወረቀቱ አንድ ገጽ አይሞላም፤ ለመጻፍም ከሩብ ሰዓት በላይ አይወስድም። በመግቢያችን ሁለቱ መጽሐፎች ስለማይደርሱበት ቦታ ተናግረናል፤ ለዚያ ቦታ መጽሐፍ ሊጽፍለት የሚችለው በእጁ ያገናኘው ሰው ብቻ ነው።

በተማርንበት ጋራዥ ኤሌክትሪሺያኑ ለዚህ ኮሮላ የመጀመሪያውን ወረቀት ጽፏል። ሽቦዎቹን ቈጥሮ ሲጨርስ ሃያ ሦስት መገጣጠሚያዎች አገኘ። የፈተሽነው አንዱን ነው፤ የቀሩትን ሃያ ሁለቱን በሚመጣው ክረምት ልንፈትሽ ከባለቤቱ ጋር ተስማምተናል።